ግዙፍ ታይት ኤንድ መግዛት ብቻውን የሜዳውን መሀል አይከፍትም

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ አንድ ያልተለመደ ክርክር በገላጋይ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነበር። የኒው ኦርሊንስ ሴይንትሱ ጂሚ ግራሃም አብዛኛውን ጊዜ የምሰለፈው ከመስመሩ ርቄ እንደ ሪሲቨር (ሮጦ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ስለሆነ ለሪሲቨር የተመደበው የአንድ ዓመት ክፍያ ይገባኛል ሲል፣ ክለቡ ደግሞ ተጫዋቹ ታይት ኤንድ (በመስመሩ ጫፍ ቆሞ ተከላካይን የሚገፋም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) ነው ብሎ ተሟገተ። ለታይት ኤንድ የተመደበው 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለሪሲቨር የተመደበው 12.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር ክርክሩ የአምስት ሚሊዮን ዶላር ክርክር ነበር። ዳኛው ግራሃም ከታክሉ (በመስመሩ ጫፍ ካለው የመስመር ተጫዋች) በ4 ያርድ ርቀት ውስጥ ሲቆም ታይት ኤንድ ነው የሚል ውሳኔ ሰጡ፤ ተጫዋቹም ብዙ ሳይቆይ የ4 ዓመት የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

የደመወዙ ነገር በዚያው ተቋጨ። የጨዋታ ስልቱ ጥያቄ ግን ዛሬም ብዙ ክለቦችን እያሳሳተ ነው። ታይት ኤንድን ረጅምና ፈጣን ስለሆነ ብቻ ወደ ስሎት (በመስመሩና በጠርዙ ሪሲቨር መካከል ወዳለው ቦታ) ወይም ወደ ጠርዝ አውጥቶ እንደ ትልቅ ሪሲቨር መጠቀም ዘመናዊነት ተደርጎ ይወሰዳል። በእኔ አስተያየት ግን የታይት ኤንድም ሆነ የስሎት ሪሲቨር ጥቅም የሚለካው በሚቆሙበት ቦታ ሳይሆን፣ ተጋጣሚው እነሱን እንዲጠብቅ በሚመድበው ሰው ማንነትና በዚያ ሰው ላይ በሚፈጠረው ጥርጣሬ ነው።

መነሻው ደንቡ ስለሆነ ባጭሩ ላንሳው። ከአጥቂው ቡድን 11 ተጫዋቾች ቢያንስ 7ቱ ኳሱ በሚነሳበት መስመር ላይ መሰለፍ አለባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች በተለመደው አሰላለፍ ወደፊት የተወረወረ ኳስ መያዝ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ኳሱን ለሚወረውረው ተጫዋች፣ ለኳርተርባኩ፣ የሚቀሩት ተቀባዮች አምስት ብቻ ናቸው። ታይት ኤንዱ በመስመሩ ጫፍ ካለው ታክል ጎን ይቆማል፤ ስሎት ሪሲቨሩ ደግሞ በታክሉና በጠርዙ ሪሲቨር መካከል ባለው ክፍተት፣ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ይሰለፋል። ይህች አንድ እርምጃ ቀላል አይደለችም፤ ተከላካዩ ሪሲቨሩ ገና ሲነሳ እጁን ጭኖ እንዳያቆመው ፋታ ትሰጣለች። የሜዳው ስፋት 53 ያርድ ከሲሶ ነው። በጠርዝ የሚሮጥ ሪሲቨር አንዱ ወገኑ በሜዳው ወሰን የተዘጋበት ስለሆነ ለሚጠብቀው ሰው ሥራው ይቀላል። በመሀል የሚሮጠው ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም መታጠፍ ይችላል፣ ኳሱም ወደ እሱ ለመድረስ የሚጓዘው ርቀት አጭር ነው።

አሰልጣኞች የተጫዋቾቹን ስብጥር በሁለት አሃዝ ይጠሩታል፤ የመጀመሪያው አሃዝ የራኒንግ ባኮችን (ኳስ ይዘው የሚሮጡትን)፣ ሁለተኛው የታይት ኤንዶችን ቁጥር ያመለክታል። 11 ሲባል አንድ ራኒንግ ባክ፣ አንድ ታይት ኤንድና ሦስት ሪሲቨሮች ማለት ነው፤ ዛሬ በሊጉ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። ተከላካዩ ቡድን ሦስተኛውን ሪሲቨር ሲያይ አንድ ላይንባከር (ከመከላከያው መስመር ጀርባ የሚቆም ከባድ ተከላካይ) አስወጥቶ አምስተኛ የኋላ ተከላካይ ያስገባል፤ ይህ ኒክል የሚባለው አሰላለፍ ነው። ሁለት ታይት ኤንዶች ያሉበት 12 ሲመጣ ግን ምርጫው ይከብዳል። ተከላካዩ ከባድ ላይንባከሮቹን ሜዳ ላይ ቢያስቀር ከመካከላቸው አንዱ ከፈጣን ታይት ኤንድ ጋር ሊሮጥ ነው፤ ቀላል የኋላ ተከላካዮችን ቢያስገባ ደግሞ ታይት ኤንዶቹ እየገፏቸው ለራኒንግ ባኩ መንገድ ይከፍታሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ታይት ኤንዱ በእውነት ብሎክ ማድረግ (ተከላካይን ገፍቶ መንገድ መክፈት) ሲችል ብቻ ነው። ብሎክ የማያደርገውን ታይት ኤንድ ተጋጣሚው እንደ አራተኛ ሪሲቨር ቆጥሮ የኋላ ተከላካይ ይመድብበታል፤ ያን ጊዜ ከሌሎቹ ሪሲቨሮች የሚለየው ዘገምተኛነቱ ብቻ ይሆናል።

የዚህ አሠራር ምርጥ ምሳሌ የ2011 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ይመስለኛል። ሮብ ግሮንካውስኪ በዚያ የውድድር ዘመን 90 ኳሶችን ይዞ 1,327 ያርድና 17 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የግብ ክልል ማድረስ) አስመዘገበ። ሌላው ታይት ኤንድ አሮን ሄርናንዴዝ 79 ኳሶችን ሲይዝ፣ በስሎት የሚጫወተው ዌስ ዌልከር 122 ኳሶችንና 1,569 ያርድ ደረሰ። ቁጥሮቹ አስደናቂ ቢሆኑም ዋናው ነገር እነዚህ ሦስት ሰዎች ሳይቀየሩ መሰለፋቸው ነበር። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ ቡድኑን ለምክክር ሳይሰበስብ በፍጥነት ሲያስነሳ ተከላካዮቹ ሰው ለመቀየር ጊዜ አያገኙም። በአንዱ ፕሌይ ሄርናንዴዝ ከራኒንግ ባኩ ቦታ ይነሳል፣ በሚቀጥለው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ግሮንካውስኪ አንዴ የመከላከያ መስመር ተጫዋች ይገፋል፣ ወዲያው ደግሞ በሁለቱ ሴፍቲዎች (ከሁሉም ኋላ በሚቆሙት ተከላካዮች) መካከል ይሮጣል። ሁለቱ ሴፍቲዎች ወደ እሱ ሲሳቡ የዌልከር አጫጭር ሩጫዎች ባዶ ቦታ ያገኛሉ። ቡድኑ 13 አሸንፎ 3 ተሸንፎ እስከ ሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ እስከ ሱፐር ቦውል፣ ደረሰ፤ እዚያም ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ የተሰለፈው ግሮንካውስኪ እንደልቡ መሮጥ ሳይችል ቀርቶ በኒው ዮርክ ጃያንትስ 21 ለ17 ተሸነፈ።

ተቃራኒውን ለማየት አትላንታ ፋልከንስን መመልከት ይበቃል። ክለቡ በ2021 ካይል ፒትስን በ4ኛ ምርጫ ሲወስድ፣ በድራፍቱ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ታሪክ ያን ያህል ቀድሞ የተመረጠ ታይት ኤንድ አልነበረም። በመጀመሪያ ዓመቱ 1,026 ያርድ አስመዘገበ፣ ታችዳውኑ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱን እስኪጎዳ ድረስ በ10 ግጥሚያ ያገኘው 356 ያርድ ነው። ጉዳቱም ሆነ የኳርተርባኮቹ ድክመት የራሱ ድርሻ ስላለው ጥፋቱን ሁሉ በአሰላለፉ ላይ ማላከክ ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም ፒትስ በብዛት ጠርዝና ስሎት ላይ ስለሚቆም ተከላካዮች ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሥራውን ያውቁት ነበር። በአንጻሩ ሳን ፍራንሲስኮ በ2017 በአምስተኛው ዙር ያገኘው ጆርጅ ኪትል በማግሥቱ ዓመት 1,377 ያርድ ደረሰ። ኪትል ብሎክ ማድረግን የሚወድ ሰው ነው። የአሰልጣኙ የካይል ሻናሃን ቡድን ኳሱን ለራኒንግ ባኩ የሚሰጥ መስሎ ሲያታልል፣ ኪትል ለአፍታ ገፍቶ ተከላካዩን ከለቀቀ በኋላ ብቻውን ይሾልካል። ላይንባከሩ የሚታለለው ከዚያ በፊት ደጋግሞ በእውነት ስለተገፋ ነው።

ወደ ስሎቱ ልመለስ። ለስሎት ሪሲቨር ከፍጥነት ይልቅ የሚያስፈልገው ነጻነት ነው፤ ማለትም የሩጫውን አቅጣጫ በሩጫ ላይ እያለ የመምረጥ መብት። ተከላካዩ ሰው በሰው ከያዘው ተከላካዩ ወደሌለበት ወገን ይታጠፋል፤ በዞን (እያንዳንዱ ተከላካይ ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቅበት) ከሆነ በሁለት ተከላካዮች መካከል ቆሞ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ ያዞራል። አሰላለፉን ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳው ዘዴም ሞሽን ነው፤ ስሎቱ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ወደ ሌላው ወገን ሲሻገር ተከላካይ ከተከተለው ሰው በሰው፣ ካልተከተለው አብዛኛውን ጊዜ ዞን ነው። በ2004 ማንም ክለብ በድራፍት ሳይመርጠው የቀረው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነው ዌልከር በኒው ኢንግላንድ በ6 የውድድር ዘመናት 672 ኳሶችን የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ኳርተርባኩና ሪሲቨሩ በአንድ ቅጽበት አንድ ነገር ማየት ያለባቸው መሆኑ ነው፤ አንዱ ዞን ሌላው ሰው በሰው ካየ ኳሱ በቀጥታ ተከላካይ እጅ ይገባል። ብዙ አሰልጣኞች ይህን ስለሚፈሩ የስሎቱን ሩጫ አስቀድመው ወስነው ይሰጡታል፤ በዚያም የቦታውን ዋና ጥቅም በገዛ እጃቸው ያጠፉታል።

መብቱ ለታይት ኤንድም ሊሰጥ እንደሚገባ ትራቪስ ኬልሲ አሳይቷል። በጃንዋሪ 2022 ካንሳስ ሲቲ በቡፋሎ 36 ለ33 እየተመራ 8 ሰከንድ ሲቀረው፣ ኬልሲ ተከላካዮቹ የቆሙበትን አይቶ ከተሰጠው መስመር ይልቅ በመሀል እንደሚሮጥ ከኳርተርባኩ ከፓትሪክ መሆምስ ጋር ሜዳው ላይ ተግባባ። 25 ያርድ አገኙ፣ በፊልድ ጎል (ኳሱን በግቡ ምሰሶዎች መካከል በመምታት በሚገኝ ነጥብ) አቻ ሆኑ፣ በጭማሪው ሰዓትም ራሱ ኬልሲ በያዘው ኳስ 42 ለ36 አሸነፉ። በዚያው የውድድር ዘመን 145 ኳሶችንና 1,947 ያርድ ያስመዘገበው የሎስ አንጀለስ ራምሱ ኩፐር ከፕ በበኩሉ የታይት ኤንዱን ሥራ ወደ ስሎት አምጥቷል፤ ከታክሉ ተጠግቶ እየቆመ ከእሱ የሚከብዱ ሰዎችን ብሎክ ያደርግ ነበር። የተሳካላቸው ቡድኖች ሁለቱን ሥራዎች በየሳጥናቸው አላስቀመጧቸውም።

በመሀል መወርወር የራሱ አደጋ አለው። የተነካካ ኳስ በብዙ ተከላካዮች መካከል ወደ ላይ ይነሳል፤ ተቀባዩም ከማያየው አቅጣጫ ይመታል። ብሎክ ዋና መመዘኛ ነው ማለቴን የሚያፈርስ የሚመስል ምሳሌም አለ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን አካባቢ የ2024ን የኮማንደርስ ግስጋሴ የተከታተለ ሰው፣ በብሎክ እምብዛም የማይወደሰው አንጋፋው ዛክ ኤርትዝ 66 ኳሶችንና 7 ታችዳውን አስመዝግቦ ለጀማሪው ኳርተርባክ ለጄይደን ዳኒየልስ ምን ያህል መከታ እንደሆነ ያስታውሳል። ኤርትዝ ግን የዞንን ክፍተት ለማንበብ ከአሥር ዓመት በላይ የተለማመደ ሰው ነው፤ ያንን ልምድ ከድራፍት መግዛት አይቻልም።

ተከላካዮችም ዝም አላሉም። ባልቲሞር ሬቨንስ በ2022 የመረጡት ካይል ሃሚልተን ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 የሆነ ሴፍቲ ሲሆን፣ በስሎት ፊት እየቆመ ታይት ኤንድንም ሪሲቨርንም ይጠብቃል፣ ራኒንግ ባክንም ይጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ታይት ኤንድን ለብቻው ወደ ስሎት ማውጣት ለእሱ ሥራ ማቅለል ነው። የተሻለው መልስ ታይት ኤንዱን ከታክሉ ጎን አስቀምጦ ስሎቱን በዚያው ወገን ማቆም፣ በመጀመሪያው ዳውን (ሙከራ) ወደዚያ ወገን በተደጋጋሚ መሮጥ፣ ከዚያም ከዚያው አሰላለፍ መወርወር ነው። ሃሚልተን ታይት ኤንዱን ለመግታት ሲጠጋ ስሎቱ በላይንባከር ወይም በሩቅ ሴፍቲ እጅ ይወድቃል፤ ስሎቱን ለመጠበቅ ሲርቅ ደግሞ ሩጫው ይከፈታል። እሱን የመሰለ ተከላካይ ያላቸው ክለቦች ጥቂት ናቸው፤ ሁለት ያለው ክለብ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።