ቫምፓየር ዳያሪስ የትዋይላይት ኮፒ አይደለም

ወንድሜ፣ «ቫምፓየር ዳያሪስ ትዋይላይት ታይቶ የተሠራ ኮፒ ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሁለቱም መጀመሪያ ስለ ቫምፓየር (ደም መጣጭ ፍጡር) የሚተርኩ መጻሕፍት ነበሩ። የኤል. ጄ. ስሚዝ ቫምፓየር ዳያሪስ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የስቴፈኒ ሜየር ትዋይላይት የወጣው በ2005 ነው። የ14 ዓመት ልዩነት! ሰው የሚሳሳተው ወደ ስክሪን ሲመጡ ተራው ስለተቀያየረ ነው፦ የትዋይላይት ፊልም በኖቬምበር 2008፣ የቫምፓየር ዳያሪስ ተከታታይ ድራማ በሴፕቴምበር 2009። የፊልሙ ገበያ ለድራማው መንገድ ጠረገለት ብትል ግን አልከራከርህም።

ታሪካቸውም ቢሆን የሚመሳሰለው እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ነው። የትዋይላይቷ ቤላ በቫምፓየሩ ኤድዋርድና ወደ ተኩላ በሚቀየር ልጅ መካከል ትዋልላለች፤ የቫምፓየር ዳያሪሷ ኤሌና ግን በሁለት ወንድማማች ቫምፓየሮች መካከል ነች። የኤድዋርድ ቤተሰብ የሰው ደም አይጠጣም። ከወንድማማቾቹ አንዱ ዴመን ግን ደስ ሲለው ይገድላል፣ ተመልካቹም ይወደዋል (እኔንም ጨምሮ፣ ምን ላድርግ)። ይህን ማድረግ የሚችለው ቴሌቪዥን ይመስለኛል፤ 8 ምዕራፍና 171 ክፍል ካለህ ነፍሰ ገዳዩን ቀስ በቀስ ይቅር ለማስባል ጊዜ ታገኛለህ። የሁለት ሰዓት ፊልም ልጁን ከመጀመሪያው ጨዋ ማድረግ አለበት።

ኤድዋርድ በፀሐይ ስላብለጨለጨ «እውነተኛ ቫምፓየር ይቃጠላል» የምትሉም አላችሁ። ግን በ1897 በታተመው የብራም ስቶከር ልብ ወለድ ውስጥ ቫምፓየሩ ድራኩላ በጠራራ ቀን ለንደን ውስጥ ይዘዋወራል። በፀሐይ መሞትን ያስለመደው በ1922 የወጣው ኖስፌራቱ የተባለው ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ነው።