ሰርቦች ቅርሳቸውን የሚጠሩባቸው ቃላት

የሰርቢያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የቅርስ ሕግ በርዕሱ «ኩልቱርና ዶብራ» ይላል፤ የባህል ሀብቶች እንደ ማለት ነው። ተቆጥሮ በመዝገብ የሚሰፍር ነገር የሚያስመስል የቢሮ ቃል ነው። በ2021 የወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ «ናስሌጄ» የሚለውን መረጠ፤ ውርስ ማለት ነው። ለውጡን ወድጄዋለሁ። ንብረት ባለቤት ብቻ ይበቃዋል፣ ውርስ ግን አውራሽም ወራሽም ይፈልጋልና።

ሦስተኛው ቃል «ባሽቲና» ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህንን ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም፤ ርስት ነው። ሥሩም አባት ከሚለው የጥንት ቃል ይመዘዛል። በ1349 የታወጀው የሰርቢያው ንጉሠ ነገሥት ዱሻን ሕግ፣ ባላባቱ ባሽቲናውን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ፣ ለነፍሱ ሊያውል ወይም ለወደደው ሊሸጥ እንደሚችል ይደነግጋል። መሸጡ ላይ ከእኛ ርስት ይለያል። «ለነፍሱ» የምትለዋ ግን ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለችም፤ ይህንን ጽሑፍ ያጻፈችኝም እሷ ናት።

ሰርብኛ ከዚያች ሐረግ «ዛዱዥቢና» የሚል ቃል አውጥቷል። «ዛ ዱሹ» ለነፍስ ማለት ነው። የሰርቢያው ገዥ ስቴፋን ኔማንያ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተከለው የስቱዴኒትሳ ገዳም የእሱ ዛዱዥቢና ነው፤ ግንባታው በ1327 የተጀመረው፣ ኮሶቮ ውስጥ ያለው የዴቻኒ ገዳምም የዱሻን አባት የስቴፋን ዴቻንስኪ ነው። ቃሉ ከነገሥታቱ ጋር አልተቀበረም። ቤልግሬድ ውስጥ ሰው ሙዚቃ ለመስማትና ትምህርት ለመከታተል የሚሄድበት ኮላራትስ ዛሬም ዛዱዥቢና ይባላል፤ ነጋዴው ኢሊያ ኮላራትስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብቱን ተናዞ ያቆመው ነው። «ዱግ» ዕዳ ስለሆነ ደግሞ፣ የቃሉ ሥር ነፍስ ቢሆንም ጆሮ ዕዳንም ይሰማበታል። ይህ ድርብ ድምፅ ለእኔ ውድ ነው። ያቆመው ሰው ለነፍሱ አቆመው፣ የተረከበው ዕዳ አለበት።

ሰርቢያ የእኔ ናት የምትላት፣ አብዛኛው ሕዝቧ አልባኒያዊ የሆነው የኮሶቮ ጉዳይ ሲነሣ ግን አደባባዩን የሚይዘው ይህ ቃል አይደለም፤ «ናሼ ስቬቲኜ» ነው፣ የእኛ የተቀደሱ ስፍራዎች። የአካባቢው ስም እንኳ ክርክር አለበት። ሰርቦች ምዕራቡን ክፍል «ሜቶሂያ» ይላሉ፣ የገዳም መሬት ማለት ነው፤ አልባኒያውያን ደግሞ በራሳቸው ስም ዱካጂን ይሉታል። በ2015 ኮሶቮ የዩኔስኮ አባል ለመሆን ስትጠይቅ 92 አገሮች ደገፏት፣ 50 ተቃወሟት፣ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ በጥቂት ጎደለ። ያን ጊዜ በቤልግሬድ ጎልቶ የተሰማው በኮሶቮ ያሉት የሰርብ ገዳማት ባለቤት ማን ነው የሚለው ነበር።

ስጋቱ ከንቱ ነው አልልም። በማርች 2004 በኮሶቮዋ ከተማ ፕሪዝረን የልዬቪሽካ ወላዲተ አምላክ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥላለች፤ የመካከለኛው ዘመን ሥዕሎቿን እሳቱ ጎድቷቸዋል። በኮሶቮ ያሉት የመካከለኛው ዘመን ቅርሶች ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ናቸው። ነገር ግን በዚያው በማርች 2004 ቤልግሬድ ውስጥ በኦቶማን ዘመን የተሠራው ባይራክሊ መስጊድ በሰልፈኞች እጅ ጋይቷል። በሕግ የተጠበቀ የሰርቢያ የባህል ሐውልት ነው። «ናሼ» የሚለው ቃል ግን ሕጉ የሚደርስበት ድረስ አልደረሰም፤ በአደባባይ ንግግር ውስጥ መስጊዱን የእኛ ስቬቲኛ ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ቋንቋው ራሱ ከዚህ የሰፋ ቃል አለውና።

በቦስኒያዋ ቪሼግራድ ከተማ የድሪናን ወንዝ የሚሻገረውን የድንጋይ ድልድይ ያሠራው የኦቶማኑ ታላቅ ቬዚር መህመድ ፓሻ ሶኮሎቪች ነው። በዚያው አካባቢ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ለሱልጣኑ አገልግሎት የተወሰደ ሰው ነው። በ1557 የሰርብ ቤተ ክርስቲያን መንበር የሆነው የፔች ፓትርያርክነት ሲመለስ መንበሩ ላይ የተቀመጠው ማካርዬም የሥጋ ዘመዱ ነበር። ሰርብኛ ተናጋሪው ያንን ድልድይ ሲጠራ ሌላ ቃል አይፈልግም፤ የመህመድ ፓሻ ዛዱዥቢና ይለዋል፣ ስቱዴኒትሳን በሚጠራበት በዚያው ቃል።