«አብሽሪ» ሲባል አዳራሹ ለምን ሳቀ?

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ይዤ ፊልም ልናይ ገባን። እዚሁ ደሴ። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ፊልም ብቻ ስላልሆነ። አክስቴ ስድሳ አልፏታል፣ ሲኒማ ቤት ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፣ በግድ ጎትቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሻሿን አስተካክላ፣ ፈንዲሻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር።

ፊልሙ የምናውቀው ነው። አዲስ አበባ፣ ትልቅ ቪላ፣ አዲስ መኪና፣ ሀብታም ልጅ፣ የልጁን ፍቅረኛ የማትፈልግ እናት። መሀል ላይ የቤት ሠራተኛዋ ትገባለች። ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ፀጉሯ ተንጨብሯል። ከወሎ እንደመጣች ማንም አይነግረንም፣ ግን አነጋገሯን ሆን ብለው አጋነውታል። እመቤቷ ሶፋ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ሠራተኛዋ ጠጋ ብላ «አብሽሪ እትዬ፣ አብሽሪ» አለቻት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ደሴ ላይ ነው እንግዲህ! እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ወደ አክስቴ ዞር ስል አልሳቀችም። እጇ ፈንዲሻው ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። «ምን አጠፋች?» አለችኝ ቀስ ብላ። የምመልሰው አጣሁ።

ለማያውቅ ልንገር። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ሆስፒታል በር ላይ ይባላል፣ ፈተና ለወደቀ ልጅ ይባላል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደርሶብን ከተማውን ለቀን ስንወጣ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። አክስቴ አታውቃትም። የራሷን ጋቢ አውልቃ ደረበችላትና «አብሽሪ» አለቻት። ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም።

ተመልካቹን መውቀስ ግን አልፈልግም። ሳቁን ያዘዘው ፊልሙ ነው። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ካሜራው ፊቷ ላይ ይለጠፋል፣ ከጀርባ የቀልድ ሙዚቃ ይገባል፣ እመቤቷ እንባዋን ትታ ትገላምጣታለች። ይሄ ሁሉ ተደርጎ የማይስቅ ማን አለ? ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ በኋላ የመጣው ነው። ፍቅረኞቹ ሲለያዩ የገባው ማጀቢያ አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የኛው አገር ስም ነው። ማልቀስ ሲፈልጉ ዜማችንን ይወስዳሉ፣ መሳቅ ሲፈልጉ አንደበታችንን። ይሄ ልክ አይደለም።

እኔ ፊልም መውደድ የጀመርኩት በዚችው አክስቴ ምክንያት ነው። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ዴክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እሁድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ማዘር ኢንዲያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ የህንድ ፊልም ነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ተርጓሚ የለ፣ ምን የለ። ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ የምትባል ገበሬ አለች። አራጣ አበዳሪው መሬቱን እየበላ ያራቁታታል። ባሏ እጆቹን አጥቶ ጥሏት ይሄዳል። ከዚያ ማረሻውን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት ታያላችሁ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። አክስቴ ሲኒውን አስቀምጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለችና «አብሽሪ እህቴ» አለቻት። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ያንኑ ልንላት ፈልገን ነበር።

መጨረሻው ላይ ሽፍታ የሆነው ልጇ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ ጠልፎ ሲጋልብ እናቱ ራሷ ጠብመንጃ አንስታ ትመታዋለች። እቅፏ ውስጥ ይሞታል። ቤቱ ፀጥ አለ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ፣ ከአቦል እስከ በረካ። አንዲት ጎረቤታችን «ውሸት ነው፣ እናት ልጇን አትገድልም» ብላ ድርቅ አለች። አክስቴ ደግሞ «የሰው ልጅ ሲጠለፍ ቆማ ትይ? ያቺስ እናት የላትም?» ትላለች። አንዲት ቃል ህንድኛ ሳያውቁ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ፊልም ተሟገቱ። እስከዛሬ ጥሩ ፊልም ስባል የሚመጣልኝ ያ ክርክር ነው።

ከኛ ፊልሞች ጤዛን እወዳለሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰልችቶኝ ነበር። ከጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጬ ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩት፣ ጊዜው ወደኋላ ወደፊት ሲል ጠፋብኝና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘጋሁት። ከዓመት በኋላ አንድ የዝናብ ማታ እንደገና ጀመርኩት፣ እስከ ሌሊት አልተነሳሁም። ጀርመን ተምሮ፣ እያነከሰ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰው አንበርብር፣ ከደርግ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ ጣና ዳር ያለችው ያቺ መንደር። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። እዚያ መንደር ውስጥ በአነጋገሩ የሚሳቅበት አንድም ሰው የለም። ሽማግሌው እንደ ሽማግሌ፣ እናቲቱ እንደ እናት ያወራሉ፣ ካሜራውም አርፎ ያዳምጣቸዋል።

«ድፍረት» የተባለውንም ፊልም በዚሁ እወደዋለሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሂሩት የገጠር ልጅ ናት፣ ጠላፊዋን በራሱ ጠብመንጃ የገደለች። ታሪኩ የእሷ ነው። ሻይ ይዛ ገብታ የምትወጣ አይደለችም።

የምጠላቸውን ብዙ አላወራም። ሲጨርሱ ምክር የሚሰብኩ አሉ፤ ሁለት ሰዓት ያየሁትን በአምስት ደቂቃ መልሰው ያብራሩልኛል። ሰው ገና ሳይሞት በማሲንቆ የሚያስለቅሱም አሉ። እነሱን እንኳ ችዬ አያለሁ።

«ኮሜዲ እኮ ነው፣ አታካብድ» ያለኝ ጓደኛ አለ። ወዳጄ፣ እኔም መሳቅ እወዳለሁ። የወሎ ሴት ጨዋታ ስታመጣ ቤት ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው፣ ጥርስ የማታስከድን ናት። ያቺን ሠራተኛ እንደዚያ አድርጋችሁ ጻፏት። እመቤቷን በአንድ ቃል ቁጭ ታድርጋት፣ በነገር ታዋዛት። ያኔ አክስቴም ትስቃለች። እኔን የጨነቀኝ ሰው በሚያጽናናበት ቃል ሲሳቅበት ማየቱ ነው። ከኋላችን የነበሩት ልጆች ሲወጡ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እየተባባሉ ይገፋፉ ነበር። ነገ እነዚህ ልጆች አያታቸው «አብሽር» ስትላቸው ያፍሩባታል?

ከፒያሳ ወደ ቤት በእግራችን ወረድን። ጉሙ ከጦሳ ተራራ መውረድ ጀምሮ ነበር፣ አክስቴ ክንዴን ይዛ ዝም ብላለች። ቤት ልንደርስ ስንል ቆም አለችና «ያ የህንዱ፣ ሴትየዋ የምታርስበት፣ አሁንም ይገኛል?» አለችኝ። ማታውኑ ፈልጌ ፍላሽ ላይ ጫንኩት። እሁድ ቡና አለ። ያቺ «እናት ልጇን አትገድልም» ያለችው ጎረቤታችንም እመጣለሁ ብላለች፤ እስካሁን ሐሳቧን አልቀየረችም።