ኤችቲኤምኤል በጠመኔ አይለመድም

ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤልን፣ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህራችን ታጎቹን፣ ማለትም የገጹን ክፍሎች የሚለዩትን ምልክቶች፣ በጠመኔ ይጽፋሉ፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። ለፈተና ሸምድደን አለፍን። አንድም ገጽ ግን አልሠራንም። የኮምፒውተር ክፍሉ "ኢንተርኔት የለውም" ተብሎ ተቆልፎ ነበር።

ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ኤችቲኤምኤል ለመጻፍ ኢንተርኔት አያስፈልግም! ኖትፓድና ብራውዘር ካሉ በቂ ነው። የጻፋችሁትን መጨረሻው ላይ ዶት ኤችቲኤምኤል ብላችሁ ሴቭ አድርጉት። ስትከፍቱት ገጽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. የ1992 ቅጂያቸው ዛሬም ስልካችን ላይ ይከፈታል።

እኔ የመጀመሪያ ገጼን የጻፍኩት ከዓመታት በኋላ፣ በጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ። ስከፍተው የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። ፊደላችን እኮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ አለ! ለካ ሴቭ ሳደርግ ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደላቱ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበትን ዘዴ፣ ዩቲኤፍ-8 አላልኩትም። አስተካከልኩት። ቀጥሎ ደግሞ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ምልክት መጣ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል የሚቀመጠው በሦስት ባይት ነው። ብራውዘሩ ገጹ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን ካልነገሩት ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ሊያነባቸው ይችላል። ገጹ አናት ላይ ይህንኑ የምትነግረው አንዲት ሜታ መስመር ጨመርኩና ስሜ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ስለ ኮምፒውተር የተማርኩትን ያህል በዓመት የአይሲቲ ትምህርት አልተማርኩም።

"አሁን ኤአይ ይጽፈው የለ እንዴ?" የሚሉኝ አሉ። ይጽፋል። ግን አማርኛው ሲበላሽ የቱ መስመር እንደጎደለ ለማወቅ ያቺን መስመር አንድ ጊዜ በእጅ መጻፍ ይጠቅማል።

ስለዚህ የአይሲቲ መምህራንን እለምናለሁ፤ ክፍሉን ክፈቱት። ኮምፒውተሩ ቢያረጅም ችግር የለም። አንዱ ተማሪ ስለ ሰፈሩ ይጻፍ፣ ሌላዋ የአያቷን የሽሮ አሠራር። ገጾቹን በፍላሽ እየተቀባበሉ ይዩ። የአንዱ ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲወጣ ቶሎ አታርሙለት። ጓደኞቹን ሰብስቦ ምክንያቱን ራሱ ይፈልገው።