ለፕላስተሩ ትምህርት የቀረበ ውዳሴ

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ካርቶን የሚታሸግበት ዓይነት ሰፊ ፕላስተር አንድ ጥቅል፣ መቀስ፣ እጅጌያቸውን የሚሰበስቡ አራት ተማሪዎች። አሰልጣኙ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ የመጀመሪያው ልጅ ክንድ ላይ ይለጥፋል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይመነጭቀዋል። ልጁ «ወይኔ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ያወካል። ያው ቁራጭ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። አራተኛው ዘንድ ሲደርስ ፀጉርና እድፍ ጠግቧልና አልይዝም ብሎ ይንጠለጠላል። አሰልጣኙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርገውና ከትዳር በፊት ከሰው ሰው ያለ እንዲህ ነው፣ ኋላ ለትዳር አይጣበቅም ይላል። ቁራጩ ወደ ቅርጫት፣ ልጆቹ ወደ ወንበራቸው፣ ስማቸው ወደ አቴንዳንሱ።

ይህን «እስከ ጋብቻ ታቀቡ» የሚል የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጥበብ የሚያናንቁ አልጠፉም። እኛ ግን እንከኑ ጥቂት ነው ባዮች ነን። ክንዱ ፀጉር የሌለው፣ ገና ታጥቦ የመጣ ልጅ መጨረሻ ከተሰለፈ ፕላስተሩ እንደ አዲስ ይጣበቅና ትምህርቱ ይበላሻል፤ ሰልፉን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። «ባሏ ሞቶባት ድጋሚ የምታገባዋስ?» የሚል ልጅ ከተነሳ ደግሞ ሰዓት አልቋል ማለት ነው። ተደፍራ ለማንም ያልነገረች ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ከሆነ፣ ቅርጫት ውስጥ የገባው ቁራጭ ማን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ይገባታል። ከሁሉም ፈጥና የተረዳች ተማሪ እሷ ነች፤ አሰልጣኙ ሊኮራባት ይገባል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት በነፃ አይገኝም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ የፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው የድሆች ድጎማ ማሻሻያ ሕግ ውስጥ ለመታቀብ ትምህርት በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ። የፌዴራሉ መንግሥት 4 ዶላር ሲሰጥ ግዛቱ 3 ያዋጣ ነበር፤ መዋጮው በዓይነትም ይቻል ነበር፤ የአዳራሽ ኪራይም፣ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓትም ዶላር ነበር። ገንዘቡን የሚወስድ በስምንት ነጥብ ይታሰር ነበር። አንዱ ነጥብ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ወሲብ አካልንና ሥነ ልቦናን የመጉዳቱ ዕድል ሰፊ መሆኑን ማስተማር ነበር። የወሊድ መከላከያን ማበረታታት ክልክል ነበር፤ ስለ ኮንዶም ማንሳት ግድ ከሆነ እንደሚከሽፍ መናገር ይፈቀድ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለሚማር ሰው የፍሬኑን ፔዳል ሳያሳዩ ፍሬን የበጠሰባቸውን መኪናዎች ብቻ እንደ መቁጠር ነው። ካሊፎርኒያ የምትባል ነገር የማይገባት ግዛት ግን ቀደም ብላ በራሷ ገንዘብ ሞክራው ስላልሠራላት ይህን በጀት አልነካም አለች። በ2006 ደግሞ መንግሥት ገንዘቡ እስከ 29 ዓመት ላሉ ላጤዎችም መዋል እንደሚችል አስታወቀ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ግብሩን ከፍሎ የሚመጣ የ29 ዓመት ጎረምሳ በገዛ ግብሩ ታቀብ ሊባል ሆነ። ከዚህ በላይ አገልግሎት ከወዴት ይመጣል?

የመማሪያ መጻሕፍቱም ለጋስ ናቸው። የምክር ቤት አባሉ ሄንሪ ዋክስማን በ2004 ባስወጡት ሪፖርት፣ በብዛት ከሚሠራባቸው 13 ሥርዓተ ትምህርቶች 11ዱ ስህተት ተገኝቶባቸዋል። አንደኛው ልጅ ሲፀነስ 24 ክሮሞዞም ከእናት፣ 24 ከአባት ይወስዳል ይላል። ፈጣሪ 23፣ 23 አድርጎ ነበር፤ በጀት ሲኖር ምርቃት ይጨመራል። ሌላው ደግሞ ላብንና እንባን ከኤችአይቪ መተላለፊያዎች ጎን አሰለፈ። እዚህ የኛ ጤና ባለሙያ «አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም» እያለ ድምፁ በሚዘጋበት ዘመን፣ እዚያ በመንግሥት ገንዘብ እንባ ይፈራ ነበር።

ለኛም ደርሶናል። በ2003 በታወጀው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኤድስ ዕቅድ፣ በፔፕፋር፣ ኢትዮጵያ ከ15ቱ ተመራጭ አገሮች አንዷ ሆነች። መድኃኒቱ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ በሱ ላይ ምላሳችንን አናሾልም። ከመከላከያው ገንዘብ ግን 33 በመቶው እስከ ጋብቻ ለመታቀብ ይዋል ብሎ ሕጉ አዘዘ። አማራ ክልል ገጠር ውስጥ በ15 ዓመቷ ለትልቅ ሰው የተዳረች ልጅ ፈተናውን አንድም ነጥብ ሳይጎድልባት አልፋለች፤ እስከ ጋብቻ ጠብቃለች። ባልየው ይዞት የመጣው ነገር በፈተናው ውስጥ አልተካተተም። ከታች እስከ ላይ ይሄድ የነበረው ሪፖርት ይጠይቅ የነበረው በመታቀብና በመተማመን መልእክት ስንት ሰው «ተደረሰ» የሚለውን ነው። ባነር ሰቅሎ አዳራሽ የሞላ ደርሷል። ስታንፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 መለስ ብለው ሲያዩት፣ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች በዚህ ርዕስ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ በወጣቶቹ የወሲብ ጠባይ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታያቸውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው የሚባለው ሙቀጫው የግል ሲሆን ነው፤ ወቃጩ በእምቦጭታ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ ሥራው አዋጭ ነው።

የአሜሪካው ኮንግረስ ራሱም ጥናት አዞ ነበር። ውጤቱ በ2007 መጣ። ከ2,000 በላይ ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ትምህርቱን ወሰዱ፣ ሌሎቹ አልወሰዱም። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ከየወገኑ ወሲብ ፈጽመው የማያውቁት 49 በመቶ ሆነው ተገኙ። ለጀመሩትም አማካይ ዕድሜው ለሁለቱም ወገን 14.9 ዓመት ነው። መንትዮች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም። የድንግልና ቃል ኪዳን የፈረሙትን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በ5ኛው ዓመት 82 በመቶዎቹ «እኛ ፈርመን አናውቅም» እንዳሉ በ2009 አወጣ። ችግር የለውም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ፊርማው ሪፖርቱ ላይ አለ።

ታዲያ በጀቱ ምን ሆነ? በሰኔ 2009 የሕጉ ዘመን ሲያበቃ ተመነጨቀ። በ2010 በኦባማ የጤና ሕግ ውስጥ፣ ያው 50 ሚሊዮን፣ ተመልሶ ተለጠፈ። በ2015 ወደ 75 ሚሊዮን አደገ። በ2018 «ከወሲባዊ አደጋ መራቅ» የሚል አዲስ ስም ወጣለት። ይህን ያህል ጊዜ ከክንድ ክንድ ተነስቶ በየጊዜው ይበልጥ አጥብቆ የያዘውን ፕላስተር አሰልጣኞቹ ለምን ለተማሪዎቹ አያሳዩም?