ዙሩ እኔ ጋ ሲደርስ

«እስኪ ወንድማችን ደግሞ ያካፍለን።»

ይህቺን አባባል የፈለሰፈው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ፍርድ ቤት አቆመው ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ለቤት ለቤት የወንጌል ኅብረታችን ተሰብስበናል። ሶፋው ሞልቶ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ፓስተር የለም፣ መድረክ የለም፣ ማይክ የለም። የኅብረታችን ኩራትም ይሄው ነው። «እኛ ጋ አንድ ሰው ሰብኮ ሌላው አሜን ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም ይካፈላል።» ጥሩ። ዙሩ ከበሩ ይጀምራል። እኔ ሁሌ ቡፌው ጥግ ነው የምቀመጠው። እዚያ እስኪደርስ ይመሻል ብዬ ነው።

ሳይመሽ ደረሰ።

«እኔ ዛሬ ላዳምጥ» አልኩ።

ቤቱ ጭጭ አለ። አንዲት እናት ፊታቸው ተለወጠና «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። አንዱ ከምንጣፉ ተነሳና እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። ሌሎቹ ተከተሉት። «የተዘጋ አፍ ይከፈት!» ተባለ። «አሜን!» ተባለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ?

አበሻ ግን «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ከተረቶች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። እህል ያስቀመጠ ሰው ይገባዋል። በቆሎ ትንሽ ከቆየ ነቀዝ ይፈላበታል፤ ጤፍ ግን ዓመት ቢቀመጥ አይነካም። ዝምታ ጤፍ ነው። ምስክርነት ደግሞ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይናችን እያየ ይነቅዛል። አንድ ወንድም ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ረስቶ ተመለሰለት። እሰይ! መጀመሪያ ሲነግረን ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነበር። በሌላ ረቡዕ ሾፌሩ ፊቱ የሚያበራ ልጅ ሆነ። አሁን ባጃጁ ታርጋ አልነበረውም ተብሏል። በሚቀጥለው ወር ጎማም ላይኖረው ይችላል። ያ ምስኪን ሾፌር ቤንዚን ተሰልፎ ቀድቶ፣ ስልክ ሊመልስ ከተማውን ተሻግሮ፣ ጭራሽ መልአክ ተብሎ ምስጋናው ቀረበት።

ስለ ንግግር ከተነሳ የቆየ ቂሜን ካላወራሁ አይሆንልኝም። በሰፈራችን እድር አንድ ሰው አለ። እጁን ያወጣና «አጭር ነገር ነው» ይላል። ከዚያ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ብለውታል፣ ነገር ግን...» ብሎ እነሱ ያሉትን ከሀ ይጀምራል። አንድ እሁድ የእድሩ ድንኳን ለሠርግ ይከራይ አይከራይ ላይ ሲያስረዝም አርሰናል ተጫውቶ ጨርሶ፣ ውጤቱን ከመንገድ ላይ ሰማሁ። አልረሳውም። ይኸው ሰው ጌታን አግኝቶ እኛ ኅብረት ገብቷል። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ኃጢአቱ ሁሉ ተወስዶለታል፤ «አጭር ነገር ነው» ግን አብራው መጥታለች። አሁን ደግሞ «ጌታ በልቤ ያስቀመጠው አጭር ነገር ነው» ሆናለች። ድሮ ሰብሳቢው «ይብቃህ» ይለው ነበር። አሁን ማን ደፍሮ ጌታ ያስቀመጠውን ይብቃ ይላል?

ሁሉም ይካፈል ባዮቹ ደግሞ ጥቅስ አላቸው። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥26። ስትሰበሰቡ አንዱ መዝሙር አለው፣ ሌላው ትምህርት አለው የሚለው። ከመሃላችን ይህን በቃሉ የማያውቅ የለም። አራት ቁጥር ወረድ ብሎ ግን ጳውሎስ ራሱ፣ ተቀምጦ ለሚሰማው አንድ ነገር ቢገለጥለት «ፊተኛው ዝም ይበል» ይላል። ቁጥር 30 ላይ የደረሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። ጳውሎስም ቢሆን ጢሮአዳ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር፣ አውጤኪስ የተባለ ጎበዝ መስኮት ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለውና ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። ሞቶ አነሡት፤ ጳውሎስ ወርዶ ነፍሱን መለሰለት። የእኛ ሳሎን ምድር ቤት መሆኑ በጀን። እኛ ጋ ነፍስ የሚመልስ የለም፤ የሚካፈል ብቻ ነው ያለው።

ይህ የቤት ለቤት ነገር ትናንት የመጣም አይደለም። ሐዋሳ በ1950ዎቹ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥባት ነበር፤ ተማሪው ከየአገሩ ይመጣ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ አዳራሽ ታሸገ። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ ምእመኑ ወደ ሳሎን ገባ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ሲያወሩ፣ አንድ በአንድ እየገቡ፣ አንድ በአንድ እየወጡ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ። ደርግ ሲወድቅ በዝተው ወጡ። እኔ የምለው፣ የሚናገረው ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሌላው ጆሮውን ማቅረቡ አይቀርም። እኛ ይኸው ነፃነት አግኝተን፣ በር ከፍተን፣ ቢንቢ ከሐይቁ እያስገባን እንጮሃለን።

እዚህ ጋ ቀልዱን ልተወው። አንዲት ልጅ ዙሩ ደረሰባት። የምትለው አልነበራትም። ሁሉም ያያታል፣ ጸጥታው ከበዳት፣ በመጨረሻ የቤቷን ጉዳይ አወጣችው። አለቀሰች። ጸለይንላት። ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት ሴት፣ ኅብረታችንን ረግጣ የማታውቅ፣ «ለእሷ ልጅ እኮ እየጸለይን ነው» አለችኝና ባልየው ምን እንዳለ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባ ዘረገፈችልኝ። እኔ እንኳ ያልሰማሁትን ጨምራ። የጸሎት ርዕስ ተብሎ ሐሜት ሲዞር ማንም አይቆጣም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። «ምነው ጠፋች?» ብለን የጠፋችበትንም ለጸሎት አቀረብነው! ይህ ያናድደኛል። እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል።

ታዲያ ለምን አትተወውም ትሉኛላችሁ። ታምሜ ስተኛ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው የመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከትልቁ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወር ሙሉ ብቀር ወንበሬም አያውቅም።

ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ በወር አንዴ ጽዋ ማኅበር አላት። እነሱም ቤት ለቤት ነው የሚሰበሰቡት። ሙሴያቸው ይመራል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። ዙርም አላቸው። የሚዞረው ግን ጽዋው ነው፤ ምላስ አይደለም። የደረሰው ደግሶ ያበላል፣ አለቀ። «አንተስ ምን ተሰማህ?» የሚለው የለም። ቅናት አልኩት ይሄን።

ለማንኛውም የመጪው ረቡዕ ኅብረት እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ ቆሎና ሻይ ይበቃል ብላለች። እኔ ግን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ቆሮሶ ዓሣ እገዛለሁ። ፊሌቶ አይደለም፤ ሙሉውን፣ ከነእሾሁ የተጠበሰ። ምግቡም በመጨረሻ ሳይሆን ገና ዙሩ ሲጀመር ይቀርባል። ለአጭር ነገር ባለቤቱ ወንድማችን ሁለት።