ቶሎ የሚደርስ ምግብ በመንዝና በኦስሎ

እኛ መንዞች ብርዱ የሚብስብን በበጋ ነው። ይህን ለኖርዌይ ባልደረቦቼ ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። እነሱ ክረምት ሲሉ ጨለማና በረዶ ነው፤ እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጉምና ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴም ቢሆን መንዝ ላይ ይበርዳል፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ውርጭ የሚወርደው ግን ዝናቡ ካባራና ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን እንኳ በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከእሷ አልፎ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ጓሳ ሲወጣማ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ብርዱን የሚያስችል ነገር መብላት ያስፈልጋል። የአጥንቱ ዘመን ግን አጭር ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ዋዜማ ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም የለም። ስለዚህ ውርጩ በሚበረታባቸው ሳምንታት ሰውነት የሚሞቀው በእህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ነው። ሰው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ይገባል፤ ማታ ተቀምጦ ሽንኩርት ለማቁላላት ጉልበት አይተርፈውም። የኛ ሰው በብርድ ወራት ቶሎ የሚደርስ ምግብ የሚፈልገው ከዚህ የተነሳ ነው።

ያደግሁት ሞላሌ አካባቢ ነው። እናቴ ከአውድማ ስትመለስ እጇ በብርድ ደርቆ ጣቶቿን ማጠፍ ያቅታት ነበር። እሳት እስኪያያዝ አንጠብቅም። በሶውን በገበታ ታደርገዋለች፣ ጨውና በርበሬ ትነሰንስበታለች፣ ዘይት ካለ ጠብ ታደርጋለች፣ ውኃ እያከለች ትለውሰዋለች፣ ከዚያ በመዳፏ ጨበጥ ጨበጥ እያደረገች ለእያንዳንዳችን ጭብጦ ትሰጠናለች። አምስት ደቂቃ አይሞላም። የታመሰው ገብስ ሽታና የበርበሬው ማቃጠል ደረት ውስጥ ሲገባ ብርዱ አንድ እርምጃ ይርቃል። ከዚያ በኋላ ነው ኩበቱ የሚያያዘው፣ ባናውን ደርበን ምድጃውን የምንከበው።

በልጅነቴ በሶ ማለት ድካም የሌለበት ምግብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት እናቴ በሶ ስታዘጋጅ አጠገቧ እንድሠራ ተደረግሁ። ገብሱ ይለቀማል፣ በምጣድ ይታመሳል፤ ሲታመስ ደግሞ እጅ ከማማሰያው አይነሳም፤ ከተነሳ ታችኛው ያራል፣ ላይኛው ጥሬውን ይቀራል። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ በዘነዘና ይሸከሸካል፤ በሰፌድ ይበጠራል፤ እብቁ ካልለቀቀ ተመልሶ ይሸከሸካል። በመጨረሻ ይፈጫል። በዚያን ጊዜ ወፍጮ ቤት ስለነበረ የድንጋይ ወፍጮውን አልቀመስሁትም፤ እናቴ ግን ቀምሳዋለች። ማታ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይኔ በኩበት ጭስ ቀልቶ ተኛሁ። ያ የአምስት ደቂቃ እራት ለካ ከኋላው ሙሉ ሁለት ቀን ነበረው።

ደግሞ የኛ ሰው ድካም ለመቀነስ አያስብም የሚል ካለ አልስማማም። አገራችን ውስጥ «ሰነፍ ገብስ» የሚባል ዘር አለ። ገለባው በቀላሉ ይለቃል፤ ብዙ መሸክሸክ አይፈልግም፤ ስለዚህ ለቆሎ ይመረጣል። እንዲህ ያለውን ዘር ለይቶ፣ ስም ሰጥቶ፣ ከትውልድ ትውልድ ያቆየ ገበሬ ድካምን ማቅለል ነውር ነው ብሎ አላሰበም። ቂንጬም እንደዚያው ነው፤ እህሉን ሰባብሮ ማስቀመጥ ነው ሥራው፣ ማብሰሉ ውኃ፣ ጨውና እሳት ብቻ ነው። ንፍሮውንም ከማታ ዘፍዝፎ ጠዋት እሳት ላይ መጣል ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ጤፍ በማይወጣው ደጋ ላይ እንጀራውም፣ ገንፎውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኦስሎ። እዚህ በታኅሣሥ 12 ገደማ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዚያው ቀን መንዝ ላይ ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አለ። ይህ ልዩነት ከሙቀት መለኪያው ይልቅ ሆዴን ይነካዋል። አገሬ ውርጩ የፈለገውን ቢበረታ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጀርባዬን ታሞቀኝ ነበር፤ እዚህ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምመለሰው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው። ስምንት ሰው አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ቤቴ ስገባ የማበስለው ለራሴና ለልጆቼ ነው። ያን ጊዜ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ምግብን የሚንቅ ሰው እንደኔ ደክሞት ወደ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ «የፈረንጅ ምግብ የስንፍና ነው» ሲሉ ዝም አልልም። ኖርዌዮችም ብርድን በእህል ያሳለፉ ሕዝብ ናቸው። በሥራዬ የማገኛቸው አንዲት የዘጠና ዓመት እናት አሉ፤ በገጠር እርሻ ላይ ያደጉ። ቅዳሜ ስሄድ ሁልጊዜ የሩዝ ገንፎ ነው የሚጠይቁኝ፤ ቅዳሜ ገንፎ መብላት እዚህ የቆየ ልማድ ነው። ሩዙ በወተት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ሳህን ላይ ከፈሰሰ በኋላ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነስበታል፤ መሐሉ ላይ አንድ ቁራጭ ቅቤ ይቀመጣል። ቅቤው ቀልጦ ቢጫ ኩሬ ሲሠራ «ስሞሮየ» ይሉታል፣ የቅቤ ዓይን ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ ቆመ። የእናቴ ገንፎ ነው። እኛ መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርገን ቅቤና በርበሬ እናፈስበታለን፤ እነሱ ቅቤና ቀረፋ። ለእኚህ እናት የኛን ገንፎ በቃል ስነግራቸው በርበሬው ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሳቁ፤ ገብስ መሆኑን ስነግራቸው ግን በልጅነታቸው የገብስ ገንፎ ይበሉ እንደነበር ነገሩኝ።

ብሔራዊ ምግባቸው የሚባለው «ፎሪኮል» ደግሞ የበግ ሥጋና ጥቅል ጎመን ነው። ሥጋው ከነአጥንቱ፣ ጎመኑ በትልልቁ ተቆርጦ እየተደራረበ ድስት ይሞላል፤ ጨው፣ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ውኃ ብቻ ገብቶበት ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀቀላል። ሌላ ምንም። የመንዝ በግና የጓሮ ጎመን ያሳደገው ሰው ይህን ምግብ ለመውደድ ትርጉም አያስፈልገውም። «አንድ አጥንት» ብለን የምንጠራው ይኸው ነው፤ ጎመን በሥጋ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም ቅቤ በሉት። እኔ ጥቅምት ላይ ጾሙ ሳይገባ አንድ ትልቅ ድስት እሠራለሁ፤ ሚጥሚጣ ለብቻ ይቀርባል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ኖርዌይ ከእህል ሁሉ አብልጣ የምታመርተው ገብስ ነው፤ አብዛኛው የሚሄደው ለከብት መኖ ነው። እኛ ጋ ፍሬው የሰው፣ ገለባው የከብት ነው። ሱቅ ውስጥ የገብስ ዱቄት አለ፤ ፈላጊው ብዙ ስላልሆነ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እኔ እሱን ነው የማፈላልገው።

እዚህ ላይ ነው የምለው ነገር ያለኝ። በውጭ አገር ያለን ሰዎች «ሲቸኩሉ ሽሮ» እንላለን። እውነት ነው፤ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ሽሮ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ግን ያ ዱቄት ከየት መጣ? አተሩን ለቅማ፣ አምሳ፣ ከክታ፣ ገለባውን አበጥራ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ኮረሪማውን አሰናድታ ያስፈጨች ሴት አለች። በርበሬውም እንዲሁ፤ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አድርቃ፣ ቅመሙን ቆልታ ያስፈጨች። ከዚያ ሁሉ በኋላ በሻንጣ ተጭኖ፣ ተመዝኖ፣ «ኪሎው አልፏል» ተብሎ ግማሹ ተቀንሶ ይደርሰናል። እኛ ኦስሎ ላይ በሩብ ሰዓት የምንበላው እዚያ በሳምንት የተሠራ ነው። የፈረንጁን የካርቶን ሾርባ ፋብሪካ ደክሞበታል፤ ዋጋውም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የእናቶቻችን ድካም ዋጋ የትም አልተጻፈም፤ ባለመጻፉም እንደ ነጻ ስጦታ ለምደነዋል።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥር አገር ቤት ስሄድ እናቴ ለኔ በሶ ስታምስ አገኘኋት። ወገቧን ይዛ ነው የምታምሰው። «ተይው እማዬ፣ እገዛለሁ» ብላት «የተገዛ በሶ ማን አመሰው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጭሱ ያው ነው፣ ኩበቱ ያው ነው፤ ከፍ ብሎ ባለው የመንዝ ደጋ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ለቤት መሥሪያና ለሽያጭ ያስቀምጠዋል። ኦስሎ ላይ የወጥ ቤቴ ምድጃ ቁልፉን ሳዞረው ይግላል፤ ቤቱን የሚያሞቀው ሌላ ማሞቂያ ነው። እናቴ ዘንድ ግን የምታሞቀንም፣ የምታበስልልንም፣ ሳንባዋን የምትጎዳባትም ያችው አንዲት እሳት ናት። የምድጃ ዙሪያ ጨዋታው እንደሚናፍቀኝ አልክድም፤ ጭሱን ጨምሮ እንዲቀጥል ግን አልመኝም። በዚያ ጉዞ ጭሱን ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣ የተሻሻለ ምድጃ አስገባንላት፤ ከሁሉ በላይ የተጠቀምንበት ገንዘብ እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀይሬአለሁ። አንደኛው፣ ሽሮና በርበሬ ሳስልክ እንደ ሥራ እከፍላለሁ፤ መንደሩ ውስጥ የሚያዘጋጁት ሴቶች ሦስት ናቸው፣ ዋጋውን የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፣ የራሴን ድካም እዚሁ ቀድሜ እደክማለሁ። እሑድ እሑድ የገብስ ዱቄቱን በደረቅ መጥበሻ፣ በዝግታ፣ እስኪሸት አምሼ በማሰሮ አስቀምጣለሁ። ሥራ ቀን ማታ ሦስት ኩባያ ውኃ ከጨው ጋር አፍልቼ ግማሹን ቀንሼ አስቀምጣለሁ፤ ድስቱ ውስጥ በቀረው ላይ ዱቄቱን እየጨመርሁ፣ እንዳይጓጉል በእንጨት ማማሰያ በኃይል አማስላለሁ፤ ሲጠጥር ከተቀነሰው ውኃ እመልስበታለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በጾም ከሆነ መሐሉ ላይ የምናፈሰው በዘይት የተለወሰ በርበሬ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውኃ ተበጥብጦ። ልጆቼ የካርቶኑን ሾርባ ከሚበሉበት ፍጥነት ይልቅ ገንፎውን ቀስ ብለው፣ ከጠርዝ ወደ መሐል እየቆረሱ ነው የሚበሉት፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ትኩስ ስለሆነ ነው።

በሶውን ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ደፍሬ አልሞከርሁትም ነበር። ያልተፈተገ ገብስ ከአንድ የእርሻ ሱቅ አግኝቼ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ሙቀጫ የለኝም፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ከጓደኛዬ ተዋስሁ። መጥበሻው ላይ ገብሱን ዘርግፌ ለእናቴ በስልክ አሳየኋት። ደብረ ብርሃን ነበረች፣ ለሕክምና ወርዳ። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ጠጋ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

«በዝቷል» አለችኝ። «ግማሹን አውጪው። እሳቱንም ቀንሺ። እጅሽን አታንሺ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ከአርባ ደቂቃ በላይ ስልኩ ሳይዘጋ፣ እኔ ሳምስ እሷ ስታይ ቆየን። መስኮቱ በጉም ተሸፍኗል፤ ውጭው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጨልሟል። ልጄ መጥታ «ምን ይሸታል?» አለች፣ በኖርዌይኛ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማውም ጥያቄው ገብቷት ከወዲያ ሆና መለሰችላት፦ «ገብስ ነው፣ እናቴ፤ ገና አልደረሰም።»